የሃርም ቋጠሮ

ሃርም ግራኝ ነበር። ገመድ ሲያስር ሌላው ሰው ወደ ቀኝ የሚያዞረውን እሱ ወደ ግራ ስለሚያዞረው፣ በእርሻው ላይ ያለ ማንኛውም ቋጠሮ፣ የበሬ ማሰሪያም ሆነ የጆንያ አፍ፣ ማን እንዳሰረው ያስታውቃል። ሚስቱ ጌሸ እንደ ሌላው ሰው በቀኟ ታስራለች። ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ሊፈታው የሞከረ ግን ወዲያው ይለየዋል።

"ልጅ የወለድኩ መስሎኝ ቁልፍ ወለድኩ" ይሉ ነበር አባቱ ኤይለርት። "አንተ ያልተገኘህ ቀን እነዚህ ከብቶች እንደታሰሩ መቅረታቸው ነው።"

"ቢላዋ አለ አባባ።"

"ገመድ ይፈታል እንጂ አይቆረጥም። ገመድ የሚቆርጥ ገበሬ ነገ የዘር እህሉን ይበላል።"

ሦስቱም በነብራስካ ሜዳ ላይ ከነአፈሩ እየተቆረጠ በተደረደረ የሣር ጓል በተሠራች ቤት ይኖሩ ነበር። ሌላ ሰው በቤቱ የለም። ሃርምና ጌሸ ሁለት ልጆች ወልደው ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ መከር ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ ወሰዳቸውና ከቤቱ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ጌሸ አልጸነሰችም።

ሃርም ከአገሩ የወጣው ውሃ ሸሽቶ ነበር። ባደገበት በፍሪስላንድ ረግረግ የሰው ሁሉ ሥራ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ቦይ ይቆፈራል፣ ቦዩ ይሞላል፣ እንደገና ይቆፈራል። አባቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ወገባቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመው የሚነደውን ጥቁር አፈር እየቆረጡ በመሸጥ ነው። እዚህ ደግሞ የጠፋው ውሃው ሆነ። ሃርም ሦስት ቦታ ቆፍሮ ሁለቱ ደረቁበት፤ ሦስተኛው ጨዋማ ውሃ ሰጠው፤ እሱኑ ጠጡ። መሬቱ ታርሶ የማያውቅ ስለነበር ማረሻው ሲገባበት የሣሩ ሥር እንደ ወፍራም ጨርቅ እየተቀደደ ይጮኻል። በሦስተኛው ዓመት ስንዴው ወገብ ሲደርስ አንበጣ መጣ። ስንዴውን ከበላ በኋላ ሽንኩርቱን ከመሬት ውስጥ እየቦረቦረ በላ፤ ባዶ ጉድጓዱ ብቻ ቀረ። ከዚያ የማረሻውን እርፍ በላ። ሃርም እርፉን አገላብጦ ሲያየው የተበላው እጅ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው።

"ላብህን ነው የበላው" አሉ ኤይለርት። "ጨው ፈልጎ።"

በቀጣዩ ዓመት ድርቅ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የበረዶ ጠጠር። ስለዚህ የዚህ ታሪክ የብርድ ወራት ሲገባ ከእርሻው ላይ ተስፋ የሚጣልበት ነገር ሁለት በሬ ብቻ ነበር፤ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ዳለቻ። አብረው የተገዙ፣ አብረው የተገሩ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው የሚተኛ፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ሳይነዳ የሚከተል ነበሩ። የዘር እህል ጎረቤታቸው ፎልከርት ይሰጣቸዋል፤ ማረሻው አለ፤ ሃርም ክንዱ ገና አልደከመም። በሬዎቹ ከብርዱ ከወጡ ይታረሳል። ካልወጡ አይታረስም፤ ካልታረሰ ደግሞ ለመቆየት ምክንያት አይኖርም። ይህን ሦስቱም ስለሚያውቁት በቃል ተናግረውት አያውቁም። ድርቆሹ ሲያንስ ግን ጌሸ የራሷን ፍራሽ ቀድዳ የውስጡን ገለባ ለበሬዎቹ ስትወስድ ማንም ለምን አላላትም።

በአገራቸው ሰውና ከብት የሚያድረው በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ከምድጃው ክፍል አንዲት በር ስትከፈት በረት ነው። የብርዱን ወራት ገበሬው በቤት ጫማው እየሄደ ከብቱን ይቀልባል፤ ላም ስታምጥ ከአልጋው ሆኖ ይሰማታል። ነብራስካ ሲደርሱ ኤይለርት እንዲህ ያለ ቤት ይሠራል ብለው ጠብቀው ነበር። ሃርም ግን በረቱን ለይቶ፣ ራቅ አድርጎ ሠራው። ከወንዙ ዳር ዛፎች የተገኘው አግዳሚ አጭር ስለሆነ ሰፊ ጣሪያ አይሸከምም አለ። እውነት ነው። ያልተናገረው ግን ነበረ። ባቡር ጣቢያው ካለበት ከተማ፣ ሱቁ ውስጥ ምድጃ ከበው የሚውሉት ሰዎች ከረግረጉ አገር የመጣ ሰው ሲገባ አፍንጫቸውን ይዘው "ላሚቱ ደጅ ቀረች ወይስ አብራህ ገባች?" ይሉ ነበር። ሃርም ነፋሱ ከወዴት እንደሚበዛ አንድ ዓመት ሙሉ ካጠና በኋላ በረቱን ከቤቱ በስተደቡብ ምሥራቅ አቆመው። የከብት ሽታ ወደ ቤቱ አይመጣም።

"ቤትና በረት ባልና ሚስት ናቸው" አሉት ኤይለርት። "አፋታሃቸው።"

"እሳት ቢነሳ አንዱ ይተርፋል አባባ።"

"የሣር ጓል ግድግዳ ምኑ ይነዳል? የከተማ ሰው እንዳይስቅብህ ነው። ይሳቅብህ። የሳቀብህ ሁሉ ወተት አይሰጥህ።"

ሃርም ይልቁንስ በየዓመቱ በረዶ ከመጣሉ በፊት ከቤቱ በር እስከ በረቱ በር ገመድ ይወጥራል። በዚያ ሜዳ ማዕበል ሲነሳ በረዶው እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ሰው እጁን ቢዘረጋ ጣቱን አያይም፤ ከቤቱ በር ጥቂት ርቆ ሞቶ የተገኘ ብዙ ነው። ገመዱን በጨበጠ ቁጥር ለጌሸ አንድ ነገር ይነግራት ነበር።

"ከብት በማዕበል ነፋሱን ለጀርባው ሰጥቶ ይሄዳል። ፊቱን ወደ ነፋሱ አያዞርም፤ ብትገድይውም አያዞርም። ሰው ግን ገመድ ካለው ይመለሳል።"

በጥር መጀመሪያ ኤይለርት ታመሙ። ሳል ነበር የጀመራቸው፤ በኋላ ትንፋሻቸው አጠረ። አንድ እሑድ ፎልከርት ሊጠይቃቸው መጣ። ፎልከርት ከዚያው ረግረግ የመጣ፣ ቀይ ጢሙን የሚያበጥር፣ ቀብር ላይ እንኳ ሰው የሚያስቅ ሰው ነው። ወንበሩን ወደ አልጋው ስቦ ተቀመጠ።

"ኤይለርት፣ ተኝተው ሻይ ይጠጣሉ አሉኝ። ጌታ ሆኑ ማለት ነው?"

"ጌታ ድሮም ነበርኩ። አንተ ነህ ያላወቅኸው።"

"አሁን አወቅሁ። እንግዲህ የቅርብ ጎረቤት እኔ ነኝ፤ አጥቤ የምገንዝዎትም፣ የምቀብርዎትም እኔ ነኝ። መሬቱ ድንጋይ ሆኗል። እባክዎን እስከ ሚያዝያ ይታገሡኝ።"

"ለአንተ ወገብ ብዬ አልኖርም።"

ጌሸም ሳቀች። ፎልከርት በሳቁ ተበረታታና የረግረግ ሰዎችን አባባል አነሳ። አዲስ መሬት ለፊተኛው ትውልድ ሞት፣ ለሁለተኛው እጦት፣ ለሦስተኛው በረከት ይላሉ። ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱ።

"እኔ ፊተኛው ነኝ፤ ሞቱን ይዤዋለሁ። እጦቱ የሃርም ነው፤ ይኸው እያጣ ነው።"

"በረከቱስ የማን ነው?" አለ ፎልከርት።

ጌሸ ተነስታ ምድጃው ውስጥ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጨመረች። ፎልከርት ያለውን ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው፤ ጽዋው ውስጥ አየና ሻዩ እጅግ ጥሩ ነው አለ፤ ጽዋው ግን ባዶ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ኤይለርት ልጃቸውን ጠሩት።

"ስሞት ለከብቶቹ ትነግራቸዋለህ።"

ሃርም ይህን ልማድ ያውቀዋል። የቤቱ ጌታ ሲሞት፣ ገላው ሳይቀዘቅዝ፣ ወራሹ በረት ይገባል። የተኛውን ከብት ሁሉ ያስነሳል። እያንዳንዱን ከማሰሪያው ይፈታና ጌታህ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ጌታህ እኔ ነኝ ይለዋል፤ ከዚያም በራሱ እጅ መልሶ ያስረዋል። ያልተነገረው ከብት ዓመቱ ሳይሞላ ጌታውን ይከተላል ይባላል። ሃርም ልጅ ሳለ አያቱ ሲሞቱ አባቱ ይህን ሲያደርጉ አይቷል፤ በሩን ከፍተው ገቡ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ተመለሱ።

"ከብቶቹ የታሰሩት በኔ ቋጠሮ ነው" አለ ሃርም። "ጌታቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ።"

"ቋጠሮው ያንተ ነው፤ ከብቱ የኔ ነው። አንተ እስካሁን ለኔ ነው ያሰርከው።"

"ሰባኪው ባዕድ አምልኮ ነው ይላል።"

"ሰባኪው በሬ የለውም።" ሽማግሌው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። "በሬዎቹ ተከትለውኝ ቢመጡ እኔ ምን አደርግባቸዋለሁ? እዚያ የሚታረስ የለም። ላንተ ነው የምለው።"

"እሺ አባባ።"

"ቃል ስጠኝ።"

ሃርም ቃል ሰጠ።

ማዕበሉ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ፀሐይ የወጣችበት ጠዋት ነው። ከጣሪያው ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ጌሸ ኮት ሳትደርብ በረት ሄዳ ያለቻቸውን አንዲት ቡሬ ላም አለበች፤ ውሃ ልታጠጣት ፈትታ ወደ ገንዳው አውጥታት ነበርና ስትመልሳት በራሷ አሰራር አሰረቻት። በሬዎቹን ሃርም አጠጣቸው። ተመልሶ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ አየ። ሰማዩ ከሥሩ ጀምሮ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ ደመና ሳይሆን ግድግዳ ይመስላል። ሃርም ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ጎተት አድርጎ ፈተሸው፣ ለማገዶ ቆረቆንዳ ወደ ቤት አስገባ፣ በሩን ዘጋ። ብዙም አልቆየ፤ መስኮቷ ነጭ ሆነች።

ኤይለርት የዚያን ቀን ጠዋት መልካም መስለው ነበር። ቀትር ላይ ከንፈራቸው ጠቆረ።

"ሻይ አለ?" አሉ።

"አለ አባባ" አለች ጌሸ።

"ስኳርስ?"

"አንዲት ጓል ቀርታለች።"

"ለፋሲካ አስቀምጪያት።"

ጌሸ አላስቀመጠቻትም። ስኳሯን ጽዋው ውስጥ አድርጋ ትኩሱን ሻይ አፈሰሰችባት። የረግረግ ሰው ሻይ ሲጠጣ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ጠጣሩ ስኳር ትኩስ ሲነካው ጠሽ ብሎ ይሰነጠቃል። ውጭ ነፋሱ ስለሚያገሳ ጌሸ ጽዋውን ወደ ጆሯቸው አስጠጋች።

"ተሰነጠቀች" አሉ ኤይለርት። አልጠጡትም። ሃርም ከጀርባቸው ደግፎ ያዛቸው፤ ትንፋሻቸው አንዴ ቆመ፣ እንደገና መጣ፣ ከዚያ ቀረ።

ሃርም ዓይናቸውን ከደነ። እንደ ልማዱ የግድግዳውን ሰዓት አቆመ። ከዚያ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ። ጌሸ አየችው።

"ማዕበሉ ይለፍ" አለች።

"ገላቸው ሳይቀዘቅዝ ነው።"

"ታምንበታለህ?"

"አላምንበትም።"

"ታዲያ?"

ሃርም ጓንቱን አጥልቆ ጨረሰ። "ዳማው በመጋቢት ቀንበር ላይ ቢወድቅስ? በድርቆሽ ማነስ ነው እላለሁ፣ በዕድሜ ነው እላለሁ። ግን ማወቅ አልችልም። ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እኖራለሁ። አሁን ከሄድኩ ያ ጥያቄ ይዘጋል።"

"ሃርም፣ እዚያ እኮ በር መክፈት ነበር። እዚህ ባሕር መሻገር ነው።"

"ገመድ አለኝ።"

"በረቱን ለምን እዚያ እንደሠራኸው አውቃለሁ" አለች ጌሸ። ተናግራው የማታውቀው ነገር ነው። "አንድም ቀን አላነሳሁብህም። አሁን ግን አነሳብሃለሁ። ለሱቅ ሰዎች ብለህ አራቅኸው፤ ዛሬ ደግሞ ለሞተ ሰው ብለህ ልትሄድ ነው። ለኔ ብለህ ቁጭ በል።"

"ለኔና ላንቺ ነው የምሄደው። በሬዎቹ ከሌሉ ምን አለን?" ሻርፑን ፊቱ ላይ ጠመጠመ። "ቶሎ እመለሳለሁ። ገመዱን አለቅም።"

ጌሸ ብርድ ልብስ ደርባ በሩ ላይ ቆመች። ሃርም ሁለት እርምጃ እንደተራመደ ጠፋ። ገመዱ የታሰረው ከበሩ መቃን አጠገብ ባለ እንጨት ላይ ስለነበር መዳፏን ጫነችበት። ነፋሱ ገመዱን እንደ ክራር ያርገበግበዋል፤ ያ ድምፅ አያቋርጥም። የሃርም እጅ ግን ሌላ ነው፤ ጎተት፣ ረገብ፣ ጎተት፣ ረገብ ይላል። ጥቂት ስትቆይ ሁለቱን መለየት ቻለች። የእጁ ምት እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ጊዜ ቆመ፤ መልሶ ቀጠለ። ከዚያ በደንብ ተጎተተና ቀረ። በረት ደርሷል ማለት ነው።

ሦስት ከብት ማስነሳት፣ መፍታት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር፣ መልሶ ማሰር። ጌሸ በልቧ አብራው ሠራች። ላሟን ጨረሰች። ዳማውን ጨረሰች። ዳለቻውን ጨረሰች። በሩን ዘጋች። አሁን እጁ ገመዱ ላይ ያርፋል ብላ ጠበቀች። ገመዱ ይርገበገባል፤ ነፋሱ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ምናልባት ከብቶቹ አስቸግረውታል፣ ምናልባት ጣቱ ደንዝዟል። ሠርታ ጨረሰች። ገመዱ ላይ ያለው ያው ነፋስ ነው።

ስሙን ጠራች። የድስት ክዳን አምጥታ በብረት ማማሰያ መታች። ድምፁ ከአፏ ፊት ተቆርጦ እንደሚቀር እያወቀች መታች። ገመዱን ይዛ ልትወጣ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ነፋሱ መሬት ላይ ጣላት፤ በሁለተኛው ጓንቷ ተነጠቀና ጣቶቿ መጨበጥ አቃታቸው። ወደ ቤት ተመለሰች። አማቷ አልጋው ላይ ነበሩ። ሻዩ ጽዋው ውስጥ ቀዝቅዟል።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ቆመ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጌሸ ገመዱን ተከትላ ሄደች። ገመዱ እንደተወጠረ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አልላላም። የበረቱ በር በአንድ የቆዳ ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሏል። ደፉ ላይ በረዶው ጠጥሮ ስለተቆለለ ሰው ቢስበው እንኳ በሩ እስከ መጨረሻው እንደማይዘጋ ታየ። ከውስጥ የሚያግደው አግዳሚ እንጨት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ የሚገባበት ቦታ አልደረሰም።

ላሟ በቦታዋ ነበረች፤ ጀርባዋ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ ግን ቆማለች። ጌሸ ማሰሪያዋን አየች። ትናንት ጠዋት እሷ በቀኝ ያሰረችው ገመድ አሁን በግራ ታስሯል። የበሬዎቹ ማሰሪያዎች ግንዱ ላይ ተንጠልጥለዋል። አልተበጠሱም፤ ጫፋቸው አልተተለተለም፤ ተፈትተዋል።

እዚያ ቆማ ነገሩን በቅደም ተከተል አየችው። በላሟ ጀመረ። አስነሳት፣ ነገራት፣ መልሶ አሰራት። ከዚያ ሁለቱን በሬ በአንድ ጊዜ ፈታ፤ አንዱን ብቻ ቢፈታ ሌላው ስለሚታገል እነዚያን በሬዎች ማንም ለየብቻ ፈትቷቸው አያውቅም። አገር ቤት ቢሆን የተፈታ በሬ የሚሄደው ወደ ምድጃው ክፍል ነው። እዚህ ግን ያልተዘጋው በር ተነቀለ፣ በሬዎቹ ደነገጡ፣ ወጡ። በሩ የሚያየው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ነፋሱ ከኋላቸው ነበር።

ፎልከርት የመጣው ለኤይለርት ብሎ ነው። ከማዕበል በኋላ የታመመ ጎረቤትን ማየት ግዴታው ነው። በረዶውን በጉልበቱ እየገፋ ሲመጣ ጌሸን በረቱ ደጃፍ አገኛት።

"ጌሸ። ሽማግሌው እንዴት አደሩ?"

"አባባ ቤት ውስጥ ናቸው። ትናንት ሞቱ።"

ፎልከርት ባርኔጣውን አወለቀ። "ነፍስ ይማር። ሃርምስ?"

"ሃርም ለከብቶቹ ሊነግር ወጣ።"

ፎልከርት የተነቀለውን በር አየ። ባዶውን ግንድ አየ። ባርኔጣውን ሳያጠልቅ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መራመድ ጀመረ፤ ጌሸ ተከተለችው።

ያገኟቸው ሜዳው ወደ ሸለቆው በሚወርድበት ቦታ ነው። በሬዎቹ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ሳይወድቁ። አፍንጫቸው ላይ በረዶ ጠጥሮ እንደ ሸክላ ደፍኖታል። ሃርም በመካከላቸው ተቀምጧል፤ ጀርባውን በዳማው እግር ላይ አስደግፏል። የሱሪውን መታጠቂያ ፈትቶ የሁለቱን ቀንድ አንድ ላይ አስሯል፤ ጫፉን በእጁ ላይ ጠምጥሞታል።

"ይዟቸው ነበር" አለ ፎልከርት። "እዚህ ድረስ መጥቶ ይዟቸዋል።"

ጌሸ ቋጠሮውን አየች። በግራ ነው፤ የጠበቀ፣ የተስተካከለ፣ እንደ ሁልጊዜው። "አዎ" አለች። "ይዞ ሊያዞራቸው ሞከረ።"

"ምነው ትቷቸው ቢመለስ?"

"በምን ገመድ?"

በሬዎቹ ነፋሱን ለጀርባቸው ሰጥተው ነበር የቆሙት።

መሬቱ አይቆፈርም። አባትና ልጅን ፎልከርት አጥቦ ገነዛቸው፤ ባዶው ጎተራ ውስጥ ጎን ለጎን በሳንቃ ላይ አስተኛቸው። ሲጨርስ የፎልከርት ሚስት ታልከ ጌሸን ወደ ቤቷ ልትወስዳት ለመነቻት። ጌሸ እምቢ አለች። ታልከ ቃሉን መርጣ ሌላ ነገር አነሳች።

"እንግዲህ ላሟ አለች። ለላሟ ስለ ሃርም ሊነገራት ይገባል፤ ሽማግሌው ከሄዱ ወዲህ ጌታው እሱ ነበር። ካልፈለግሽ ፎልከርት ይነግርልሻል።"

"ታውቃለች" አለች ጌሸ። "ከኔ በፊት አይታለች።"

"ደግ አይደለም እህቴ። አንዲት ላም ናት የቀረችሽ። ፈትተሽ መልሰሽ ማሰር ነው።"

"አልፈታትም።"

አልፈታቻትም። ቀሪውን ጥር፣ የካቲትን፣ መጋቢትን ላሟ በሃርም ቋጠሮ ታስራ ከረመች። ወደ ገንዳው ለማውጣት ማሰሪያውን መፍታት ስለሚያስፈልግ ጌሸ ጨዋማውን ውሃ በባልዲ እየተሸከመች ወሰደችላት። ፍጉን ከእግሯ ሥር በአካፋ አወጣች። ድርቆሹ ሲያልቅ ከጣሪያው ሣር መዘዘች። ፎልከርት በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ጢሙን ማበጠር ትቷል። አንድ ቀን ቋጠሮው ላይ ጎንበስ ብሎ አየና እርጥበት እንዳበጠው፣ በኋላ ሊፈታ እንደማይችል ተናገረ። ጌሸ ባልዲውን አስቀምጣ "ገመድ ይፈታል" አለችው። እሱም ደግሞ አላነሳውም።

በሚያዝያ መሬቱ ለሰለሰ። ፎልከርት ሁለት መቃብር የጌሸ ልጆች ካሉበት ጉብታ ላይ ቆፈረ። አፈሩ ሲወጣ ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ለማረስ የተመቸ ዓመት እንደሚሆን ማንም ገበሬ ያይ ነበር። ፎልከርትም አየ፤ እጁ ላይ ያለውን ጓል ፈረካክሶ ጣለው። ሃርም አርሶት የነበረው መሬት ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ማረሻው የቀደዳቸው ሥሮች እንደገና ተያይዘዋል።

ከቀብሩ በኋላ ፎልከርት ጋሪውን አምጥቶ የጌሸን ሣጥን፣ የግድግዳውን ሰዓትና ድስቶቿን ጫነ። በምሥራቅ በኩል ባለ ከተማ የምትኖር የእናቷ እህት ትቀበላታለች። ላሟን ታልከ ትወስዳለች ተባለ።

"ቆየኝ" አለች ጌሸና በረት ገባች።

ቋጠሮው ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጣቶቿ ስለማያሸንፉት፣ ደግሞም ከመካከላቸው ሁለቱ ጓንቷ ከተነጠቀበት ቀን ወዲህ ስለማይታዘዙ፣ ተንበርክካ በጥርሷ ያዘችው። በቀኝ ለመፍታት ሞከረች፤ ጠበቀ። ከዚያ እሱ እንዴት እንደሚያዞረው አሰበችና በተቃራኒው ሳበችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተላቀቀ። ገመዱ ለምን ያህል ጊዜ ታጥፎ እንደቆየ ያስታውቃል፤ ተፈትቶም ቅርጹን አልለቀቀም።

ጌሸ ተነስታ ቆመች። አፏ ውስጥ የገመድ ቃጫ ነበር፤ ተፋችው።

"ጌታሽ ሞቷል" አለቻት ላሟን። የሚቀጥለውን ቃል ታውቀዋለች፤ ከእንግዲህ ጌታሽ ብሎ ስም መጥራት ነው። ጠበቀች። ላሟም ቆማ ታመነዥካለች።

"ከእንግዲህ ጌታ የለሽም።"

ቀንዷን ይዛ ወደ በሩ ሳበቻት። ላሟ ተከተለቻት፤ ገመዱ ድሮ ያደርሳት እስከነበረው ቦታ። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ጌሸ ሳበች፤ ላሟ አንገቷን ዘረጋች እንጂ እግሯን አላነሳችም። ከፊቷ ምንም አልነበረም፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ውጭ ፀሐይ ነበር።

"ጌሸ" አለ ፎልከርት ከጋሪው ላይ ሆኖ። "ባቡሩ አይጠብቅም።"

ጌሸ ቀንዱን ለቀቀች። ላሟ አንገቷን አዙራ ባዶውን ግንድ አየች፤ ከዚያም መልሳ ወደ ቦታዋ ገባች፣ እንደታሰረ ከብት ቆመች።